ዕጣው በእውነት ዕጣ ነው? ከዕቁብ ሳህን እስከ ኮምፒውተር

እሁድ ከሰዓት ነው። ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ቤት ቡና ተፈልቷል። ዕቁብተኞቹ ገንዘባቸውን ጥለዋል። ጸሐፊዋ ስም የተጻፈባቸውን ወረቀቶች አጣጥፋ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ትጨምራለች። ሳህኑ ይናጣል። ከዚያ እንደ ልማዱ የቤቱ ትንሽ ልጅ ይጠራና ፊቱን አዙሮ አንዷን ወረቀት ያወጣል። ይህን ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን።

አሁን ግን ዕቁቡ ሰፍቷል። ግማሾቹ አባላት የሚኖሩት ኦክላንድ ነው። የ880ን መንገድ ትራፊክ ሸሽተው በስልክ ቪዲዮ ይከታተላሉ። ስለዚህ ከወጣቶቹ አንዱ፣ “ወረቀቱ ይቅርብን፤ ስማችንን ስልኬ ላይ ላስገባና በአንድ ጠቅታ ይውጣ” ይላል። አንዲት እናት ፈገግ ብለው ይጠይቁታል፦ “ልጄ፣ ሳህኑ ሲናጥ በዓይኔ አያለሁ። ያንተ ስልክ ሲናጥ ግን በምን አያለሁ?”

ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን የሂሳብና የኮምፒውተር ሊቃውንት ከ70 ዓመት በላይ ሲለፉበት የኖሩት ጥያቄ ይኸው ነው። እኛንም በቀጥታ ይነካናል። ከመካከላችን ብዙዎች ወደዚህ አገር የመጣነው ዲቪ ደርሶን ነው። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን የኮንዶሚኒየም ዕጣ ለዓመታት ጠብቀዋል። እዚሁ ቤይ ኤሪያ ደግሞ በተመጣጣኝ ኪራይ የሚሰጡ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚደለደሉት በዕጣ ነው። ዛሬ እነዚህን ዕጣዎች የሚያወጣው ሕፃን ልጅ ሳይሆን ኮምፒውተር ነው። ታዲያ ኮምፒውተሩ ሳህኑን በደንብ መናጡን በምን እናውቃለን?

ሳህኑ የሚያስተምረን

አባቶቻችንና እናቶቻችን ዕቁብን ሲመሠርቱ የሂሳብ መጽሐፍ አላገላበጡም። ሆኖም ልማዱን ልብ ብለን ብናየው ለማንኛውም ዕጣ የሚያስፈልጉ አራት ነገሮችን ይዟል።

አንደኛ፣ ሳህኑ ውስጥ የሚገባው የአባላቱ ስም ብቻ ነው፤ የእንግዳ ስም አይገባም፣ የአባልም ስም አይጎድልም። ሁለተኛ፣ ሳህኑ ይናጣል፤ መጀመሪያ የገባውም መጨረሻ የገባውም እኩል ዕድል ይኖረዋል። ሦስተኛ፣ የሚያወጣው ልጅ ጭምር ማን እንደሚወጣ አስቀድሞ አያውቅም። አራተኛ፣ ሁሉም እያየ አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል፤ የወጣው ስም ያላስደሰተው ሰው “ድገሙት” ማለት አይችልም።

ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ዕጣው ዕጣ መሆኑ ይቀራል። ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ አራቱም ከዓይናችን ይሰወራሉ።

ማሽን እንዴት “ይንጣል”?

ኮምፒውተር የታዘዘውን ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ፕሮግራመሮች ፈንክሽን የሚሉት ነገር አንድ ቁጥር ሲሰጡት በተወሰነ ደንብ ሌላ ቁጥር የሚመልስ ማለት ነው። ዛሬ 5 ሰጥተነው 15 ከመለሰ፣ ነገም 5 ስንሰጠው የሚመልሰው 15 ነው። እንዲህ ደንብ አክባሪ የሆነ ማሽን እንዴት ዕጣ ሊያወጣ ይችላል?

ለዚህ ጥያቄ ከቀደሙት መልሶች አንዱ የመጣው ከጎረቤታችን ነው። ዴሪክ ሄንሪ ሌመር በርክሌይ ተወልዶ በዚያው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ የሂሳብ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ለመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች የሚሆን ቀላል ዘዴ አቀረበ፦ አንድ ቁጥር ይዘህ በሌላ ቁጥር አባዛ፣ ውጤቱን ለሦስተኛ ቁጥር አካፍል፣ ቀሪውን ብቻ ያዝ። ያን ቀሪ እንደገና አባዛ፣ እንደገና አካፍል። ሌመር የሚያባዛው በ23 ነበር፤ የሚያካፍለው ደግሞ ለ100,000,001።

ይህን ከልጆቻችሁ ጋር በወረቀት ልትሞክሩት ትችላላችሁ። በትናንሽ ቁጥሮች እንሥራው፦ በ3 እናባዛ፣ ውጤቱ ከ30 ሲያልፍ ለ31 አካፍለን ቀሪውን እንያዝ። ከ5 ስንነሳ የሚመጣው 15፣ 14፣ 11፣ 2፣ 6፣ 18፣ 23፣ 7፣ 21፣ 1 ነው። ደንቡን ያልነገራችሁት ሰው ይህን ዝርዝር ቢያይ ከሳህን የወጣ ይመስለዋል። ደንቡን ለሚያውቅ ግን ምንም ምስጢር የለውም። ከ1 በኋላ 3፣ ከ3 በኋላ 9 መምጣቱን ያውቃል። ከ30 እርምጃ በኋላም ተመልሶ 5 ላይ ይደርስና ዙሩ እንደገና ይጀምራል።

እንዲህ ያሉትን ቁጥሮች ሊቃውንቱ “ዘፈቀደ መሰል” ይሏቸዋል። የመጀመሪያውን ቁጥር፣ በምሳሌያችን 5ን፣ “ዘር” ይሉታል። ለጨዋታ ወይም ለሳይንስ ስሌት ዘፈቀደ መሰል መሆኑ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሌመርን የመሳሰሉት ሊቃውንት የፈለጉትም ለዚያ ነበር። የሰው ኑሮ የተንጠለጠለበት ዕጣ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ከላይ ብቻ የተዘገነው ሳህን

እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 2011 የ2012 ዲቪ ውጤት ወጣ። 15 ሚሊዮን ከሚጠጉ ማመልከቻዎች መካከል 22 ሺህ ያህል ሰዎች መመረጣቸውን ድረ ገጹ ላይ አነበቡ። ዲቪ የደረሰው ሰው ቤት ምን እንደሚመስል ለእኛ አይነገረንም። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ስፖንሰር ፍለጋ ወደ ኦክላንድና ሳን ሆዜ ስልክ ይደወላል፣ “ከሄድክ አትርሳን” ይባላል።

ሜይ 13 ላይ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውጤቱን ሙሉ በሙሉ ሰረዘ። ምክንያቱ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስህተት ነበር። የማመልከቻው ጊዜ ከኦክቶበር 5 እስከ ኖቬምበር 3 ቀን 2010 ድረስ አንድ ወር ያህል ነበር። ከተመረጡት መካከል 90 በመቶ የሚሆኑት ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያመለከቱ ሆነው ተገኙ። በእኛ አነጋገር ሳህኑ አልተናጠም፤ አንድ ወገን ብቻ ተዘግኖ ወጣ።

የዲቪ ሕግ ቪዛው በጥብቅ በዘፈቀደ ቅደም ተከተል እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ያንን ውጤት ማጽደቅ አልቻለም። ከተመረጡት አንዳንዶቹ ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ቢከሱም ፍርድ ቤቱ ጥያቄያቸውን አልተቀበለም። ሁሉም ማመልከቻዎች ተመልሰው ሳህን ውስጥ ገቡ፣ አዲሱ ውጤትም ጁላይ 15 ወጣ። በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ኢንስፔክተር ጄኔራል ባደረገው ምርመራ አዲሱ ፕሮግራም በበቂ ሁኔታ ሳይፈተሽ ሥራ ላይ መዋሉ ተገለጸ።

እዚህ ላይ ሁለት እውነቶች ይጋጫሉ። ለ22 ሺህዎቹ ስረዛው ግፍ ነበር፤ ምንም አላጠፉም፣ ያጠፋው ፕሮግራሙ ነው። በሦስተኛውም ሆነ በሃያኛው ቀን ላመለከቱት ሚሊዮኖች ደግሞ ያንን ውጤት ማጽደቅ ግፍ ይሆን ነበር። እነሱ ሞልተው የላኩት ፎርም ከተመረጡት ጋር እኩል መብት ነበረው። ሳህኑ በጊዜው አለመናጡ ከሁለቱ ወገኖች አንዱን የግድ አስለቀሰ።

ስህተቱ እንዴት እንደታወቀም ልብ በሉ። አንድ ስም ብቻ ብናይ “ይህ በትክክል ወጥቷል ወይስ አልወጣም” ብለን መፍረድ አንችልም። የሺዎችን ውጤት ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ግን መልኩ ይወጣል። የዕጣን ታማኝነት የሚያሳየው ብዙ ውጤቶች አንድ ላይ የሚሠሩት መልክ ነው።

ሳህኑ ውስጥ የገቡ እንግዳ ወረቀቶች

ሁለተኛው ታሪክ የአገር ቤት ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የ25,791 ኮንዶሚኒየም ቤቶችን ዕጣ አወጣ። ለብዙ ዓመታት ከደመወዛቸው እየቀነሱ የቆጠቡ ሰዎች ስማቸውን ለመስማት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ አስተዳደሩ ዕጣው መሰረዙን አስታወቀ። እንደ አስተዳደሩ ገለጻ፣ በቁጠባ ብቁ የሆኑት 79 ሺህ ገደማ ሲሆኑ ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባው ስም ግን 172 ሺህ ገደማ ነበር። ባለሥልጣናትና ባለሙያዎች ተያዙ፤ ዕጣውም በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ወጣ።

የሁለቱን ልዩነት እንይ። የዲቪው ችግር አለመናጡ ነበር። የአዲስ አበባው ግን ከመናጡ በፊት የሚመጣ ነው፤ ሳህኑ ውስጥ የማይገባው ወረቀት ገብቶ ነበር። የገባው ስም ዝርዝር የተበከለ ከሆነ በዓለም ምርጡ የዘፈቀደ ፈንክሽን እንኳ ፍትሕ አያወጣም። እንዲያውም የተበላሸውን ዝርዝር በሂሳብ ልብስ አሳምሮ ያቀርበዋል። “ኮምፒውተር ነው ያወጣው” የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ ጥያቄን ዝም ማሰኛ እንደሚሆን ከዚህ እንማራለን።

አስቀድሞ የሚታወቅ ዕጣ

ሦስተኛው ታሪክ እንደገና ወደ ቤይ ኤሪያ ይመልሰናል። ኢንተርኔት ገና በተስፋፋበት ዘመን ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ማሰሻ የማውንቴን ቪው ከተማው ኔትስኬፕ ነበር። ማሰሻው የባንክ ካርድ ቁጥርን የመሰለ ምስጢር ሲልክ በዘፈቀደ ቁጥር በተሠራ ቁልፍ ይቆልፈዋል። ማንም ሊገምተው የማይችል ቁጥር ማውጣትም እንደ ዕጣ ማውጣት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 በርክሌይ ይማሩ የነበሩ ኢያን ጎልድበርግና ዴቪድ ዋግነር የተባሉ ሁለት ተማሪዎች ኔትስኬፕ ዘሩን ከየት እንደሚያመጣ መረመሩ። ዘሩ የሚሠራው በዋናነት ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ሰዓትና ማሽኑ ለፕሮግራሞቹ ከሚሰጣቸው መለያ ቁጥሮች ሆኖ ተገኘ። ሰዓት ደግሞ ምስጢር አይደለም። መልእክቱ የተላከበትን ሰከንድና እነዚያን መለያ ቁጥሮች የሚያውቅ ሌባ የሚቀረው ያንን ሰከንድ አንድ ሚሊዮን ቦታ ከፍሎ እያንዳንዱን መሞከር ነው። ለሰው የማይቻል ሥራ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን የአፍታ ጉዳይ ነው። ቁልፉ ትልቅ ይመስል ነበር፣ ዘሩ ግን ትንሽ ነበር። ኩባንያው ፈጥኖ አስተካከለው።

ከዚያ ወዲህ መሐንዲሶች ዘርን ከተፈጥሮ መልቀም ለመዱ። በዚያው በማውንቴን ቪው የነበረው ሲሊከን ግራፊክስ በ1990ዎቹ የላቫ መብራቶችን በካሜራ እያነሳ ምስሉን ወደ ዘር ይለውጥ ነበር። የላቫ መብራት በውስጡ ሰም እየሞቀ እንደ ደመና የሚንሳፈፍበት የጌጥ መብራት ነው። ዛሬ ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ክላውድፍሌር በመግቢያ አዳራሹ 100 ያህል እንዲህ ያሉ መብራቶችን በግድግዳ ላይ ደርድሮ፣ የካሜራውን ምስል ለምስጠራ ከሚጠቀምባቸው የዘር ምንጮች አንዱ አድርጎታል። ሰሙ በሚቀጥለው ቅጽበት ምን መልክ እንደሚይዝ ማንም አስቀድሞ ሊናገር አይችልም። ከብዙ ሂሳብ በኋላ ሊቃውንቱ ዓይን እያየው ወደሚናጥ ነገር ተመለሱ።

በማንም ቤት የማይገባው መዝገብ

አንድ ነገር ቀርቶናል። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገን አንድ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ዕጣ ነው፤ ያውም ስንጠይቅ ሁልጊዜ የማይለወጥ።

አንድ ትልቅ መዝገብ አስቡ። በዓለም ላሉት 10 አሃዝ ቁጥሮች ሁሉ አንዳንድ መስመር አለው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ዳይ እየተጣለ አንድ መልስ ተጽፏል። የስልክ ቁጥራችሁን ስትሰጡት መልሱን ያነብላችኋል። ነገም ብትጠይቁት ያንኑ ይመልሳል። የጎረቤታችሁ መልስ ግን ከእናንተ መልስ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። እውነተኛ የዘፈቀደ ፈንክሽን ማለት ይህ መዝገብ ነው። ችግሩ 10 ቢሊዮን መስመር ይኖረዋል። ቁጥሩ 20 አሃዝ ከሆነ መስመሩ 100 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ይሆናል፤ ያን የሚይዝ መጋዘን የለም።

በ1980ዎቹ ኦዴድ ጎልድራይክ፣ ሻፊ ጎልድዋሰርና ሲልቪዮ ሚካሊ መውጫ አሳዩ። ከአንዲት አጭር ምስጢራዊ ዘር ተነስቶ የየትኛውንም መስመር መልስ በተጠየቀ ጊዜ የሚያሰላ ፈንክሽን ሠሩ። ምስጢሩን ያላወቀ ሰው ይህን ፈንክሽን ከእውነተኛው ትልቅ መዝገብ በተግባር ሊለየው አይችልም። ማረጋገጫቸው የሚቆመው ወደ ፊት ለመሥራት ቀላል፣ ወደ ኋላ ለመመለስ ግን በጣም አስቸጋሪ የሆኑ ስሌቶች አሉ በሚል ግምት ላይ ነው። ጎልድዋሰርና ሚካሊ ሁለቱም ዶክትሬታቸውን የሠሩት በርክሌይ በማኑኤል ብሉም ሥር ነው። ብሉም በ1995፣ እነሱ ደግሞ በ2012 የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁን የቱሪንግ ሽልማት አገኙ። ዛሬ ከስልካችሁ ገንዘብ ስትልኩ መልእክቱን የሚጠብቁት ዘዴዎች በዚሁ ሐሳብ ላይ ይመረኮዛሉ።

ለቤታችን የሚሆን

ይህን ሁሉ ካየን ለዕቁባችን፣ ለልጆቻችንና ለገንዘባችን ምን እንይዛለን?

ለዕቁብ ስልክ መጠቀም ነውር የለውም። ነገር ግን ስም ዝርዝሩ ከመውጣቱ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። ጠቅታው አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚሆን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ለብቻው ቁጭ ብሎ የሚፈልገው ስም እስኪወጣ ደጋግሞ የሚጫን ሰው ፈንክሽኑን ሳይነካ ዕጣውን ሊሰርቅ ይችላል።

ከዚህ የተሻለና ማንንም ማመን የማይጠይቅ ዘዴም አለ። አባላቱ 12 ናቸው እንበል። እያንዳንዱ ተራ ቁጥር ይኑረው። ከዚያ ሁሉም ከ1 እስከ 12 አንድ ቁጥር በድብቅ ይጻፍና እኩል ይግለጠው፤ ኦክላንድ ያሉትም ወረቀታቸውን በዚያው ቅጽበት ካሜራው ፊት ያሳዩ። ቁጥሮቹን ደምራችሁ ለ12 አካፍሉ፤ ቀሪው የባለ ዕጣው ተራ ቁጥር ነው። ድምሩ 77 ከሆነ ቀሪው 5 ስለሆነ ዕቁቡ የ5ኛው አባል ነው። ቀሪ ከሌለ የ12ኛው ይሆናል። አሥራ አንዱ ተመሳጥረው ቢመጡ እንኳ፣ አንዱ ቁጥሩን ሳያዳላ ዳይ እንደሚጥል ሰው መርጦ ከደበቀ፣ ዕጣው ለሁሉም እኩል ይሆናል።

ልጆቻችሁ ፕሮግራም የሚማሩ ከሆነ አንድ ነገር ጠይቋቸው። ፓይተን በተባለው ቋንቋ ውስጥ “ራንደም” እና “ሲክሬትስ” የሚባሉ ሁለት መሣሪያዎች አሉ። የመጀመሪያው ለጨዋታና ለሙከራ፣ ሁለተኛው ለይለፍ ቃልና ለምስጢር ነው። ልዩነቱን ካስረዷችሁ ትምህርቱ ገብቷቸዋል ማለት ነው። የእናንተም የይለፍ ቃል የልጅ ስምና የልደት ዓመት ከሆነ፣ እንደ ኔትስኬፕ ሰዓት የሚገመት ዘር መያዛችሁን አስቡ።

ለቤት ወይም ለትምህርት ቤት ዕጣ ስትገቡም መጠየቅ መብታችሁ ነው። ዝርዝሩ መቼ ተዘጋ? ፕሮግራሙን ማን ፈተሸው? ማውጣቱን ማየት ይቻላል? በካሊፎርኒያ ሕግ ቻርተር ትምህርት ቤት ካለው ቦታ በላይ አመልካች ሲመጣለት በይፋ ዕጣ ማውጣት አለበት። ስለዚህ መጠየቃችሁን እንደ ድፍረት አትቁጠሩት።

በመጨረሻም ለራሳችን ልብ። ልጆቻችሁን 100 ጊዜ ሳንቲም እንደጣሉ አስመስለው በሐሳባቸው እንዲጽፉ፣ ከዚያ በእውነት 100 ጊዜ እንዲጥሉ አድርጉ። በሐሳብ የተጻፈው ብዙ ጊዜ አንበሳና ሰው ቶሎ ቶሎ ይፈራረቁበታል። በእውነቱ ግን አንዱ ወገን አምስት ጊዜ ተከታትሎ ሳይመጣ መቅረቱ ብርቅ ነው። እውነተኛ ዕጣ ከምንጠብቀው በላይ ይደጋግማል። ዲቪ አሥር ጊዜ ሞልቶ ያልደረሰው ዘመዳችን ዕድለ ቢስ ሆኖ አይደለም፤ የተረገመም ሆኖ አይደለም። ሳህኑ ማንንም አያስታውስም። ሊናጥና ሊጠበቅ ግን ይገባዋል።

ስለዚህ “ያንተ ስልክ ሲናጥ በምን አያለሁ?” ያሉት እናት የሚገባቸው መልስ “ኮምፒውተር አይሳሳትም” የሚለው አይደለም። “እማማ፣ እርስዎም ቁጥርዎን ይጻፉ፤ አብረን እንደምር” ቢላቸው ይሻላል።